አዘውትሮ ሸክላ መሥራት ጽናትን እንዴት ያስተምራል?

ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ምጣድ ለመግዛት ገበያ የወጣች ባልትና ዐዋቂ ሴት አስቀድማ የምትመለከተው የምጣዱን መልክ አይደለም። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነውና። ከዚያም በመዳፏ እየዳሰሰች ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር የተስተካከለ መሆኑን ትመረምራለች። አንዱ ወገኑ ወፍሮ ሌላው ወገኑ የሳሳ ምጣድ፣ እሳቱ የቱንም ያኽል ቢስተካከል፣ እንጀራውን በአንድ በኩል አሳርሮ በሌላ በኩል ሊጥ አድርጎ ይተወዋል። ሠሪዋ ባለፈው ዓመት አንድ ግሩም ምጣድ ሠርታ እንደ ነበረ ቢነገራት ለገዢዋ የሚጠቅማት ነገር የለም። የምትፈልገው ዛሬ የምትገዛው እንደ ባለፈው ዓመቱ ሆኖ እንዲገኝላት ነው።

ይህ የዕቃው ወጥነት ከወዴት ይመጣል ቢባል፣ ከሠሪዋ ጽናት ይመጣል። ወጥነት የዕቃ ነው፤ ጽናት የሰው ነው። ነገር ግን በሸክላ ሥራ ሁለቱ እንዲህ ተጠላልፈው ይገኛሉና ዕቃው የሰውየውን ጠባይ እንደ መስተዋት ያሳያል። የዚህ ንግግር ጕዳይ በየጊዜው ሳያቋርጡ ሸክላ መሥራት ይህን ጽናት በተማሪው ላይ እንዴት ሊያሳድር እንደሚችል፣ ደግሞም እስከ ምን ድረስ ብቻ እንደሚችል መመርመር ነው። ማስረጃው በብዛት የሚቀርበው ከናይሮቢ ነው። ሸክላ በኬንያም እንደ ኢትዮጵያ በገጠር የሚኖሩ ሴቶች ሙያ ሆኖ የቈየ ነው፤ በናይሮቢ ግን ባለፈው ግማሽ ምእት ዓመት ወደ ከተማ ሰው ምድጃ፣ ወደ ማምረቻ ቤትና ወደ ትምህርት ክፍል ገብቶ ተፈትኗል። ፈተናውን ያለፈበትም የወደቀበትም ጊዜ አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የምድጃው ነገር ይነገር። በስዋሂሊ ቋንቋ ምድጃ ጂኮ ይባላል። የቀድሞው የናይሮቢ የከሰል ጂኮ ከብረት ብቻ የተሠራ ስለ ነበረ ሙቀቱ በጎኑ እየሾለከ ይባክን ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታይላንድን የባልዲ ምድጃ መነሻ በማድረግ ከውጭ ብረት፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነ ምድጃ ተዘጋጀ፤ ስሙም የኬንያ የሸክላ ጂኮ ተባለ። ወገቡ ቀጠን፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ ነው። ሸክላው በላይኛው ክፍል ገብቶ ከሰሉን ይይዛል፤ ወለሉ የተበሳሳ ስለ ሆነ ዐመዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ አየሩም ወደ ላይ ይወጣል። የብረቱን ልብስ ከሚሠሩት ስመ ጥር የሆኑት ሻውሪ ሞዮ በተባለው የናይሮቢ ሠፈር የሚገኙት ቀጥቃጮች ናቸው። እነዚህንና የመሰሏቸውን የእጅ ባለሙያዎች፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ስለሚሠሩ፣ ሕዝቡ ጁዋ ካሊ ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም የጠራራ ፀሐይ ማለት ነው።

ብረት ሲጣመም በመዶሻ ይቃናል፤ ሳይገጥምም ሲቀር ተቈርጦ ይገጠማል። ሸክላ ግን ከተተኰሰ በኋላ ይቅርታ የለውም። ለዚህ ነው በአዲሱ ጂኮ ታሪክ ውስጥ አስቸጋሪው ነገር ብረቱ ሳይሆን ሸክላው የሆነው። ጭቃው አሸዋ ሲያንሰው፣ ወይም ሳይበቃው የደረቀ እንደ ሆነ፣ ወይም እሳቱ ፈጥኖ የነደደበት እንደ ሆነ፣ ሸክላው በገበያ ላይ ደኅና መስሎ ይታይና ገዢዋ ቤት ገብቶ ጥቂት ቀን ከሰል ሲነድበት ይሰነጠቃል። ዋጋው ከቀድሞው ጂኮ ከፍ ያለ ነበረና፣ ከቤተ ሰብ ወጪ ቈጥባ የገዛችው ሴት የምታዝነው በሠሪው ብቻ አልነበረም፤ በአዲስ ነገር ሁሉ ላይ እምነቷን ታጣለች፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች። የመሐንዲሱ ንድፍ ምንም ያማረ ቢሆን ይህን ሊያድን አይችልም። የሚያድነው ጭቃውን የሚያቦካው ሰው ዛሬ የሰፈረውን የአሸዋ መጠን ነገም ያንኑ መስፈሩ ነው። ጭቃው በእጅ ቢበጅ ወይም በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ቢወጣ ይህ አይለወጥም። ቅርጽ ማውጫው መልኩን አንድ ያደርጋል እንጂ የቡኮውን ጕድለት አይሞላም።

ምድጃው በዚህ መንገድ እየታረመ በብዙ የናይሮቢ ቤቶች ገባ፤ ወደ ጎረቤት አገሮችም ተሻገረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተዘጋጀችው ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃ የተቀዳችው ከዚሁ ከኬንያው ጂኮ ነው። ከመምህራኑ መካከል በቤቱ ላቀችን ሲያነድ የኖረ ሰው፣ የሻውሪ ሞዮ ሥራ ዘመድ በቤቱ እንዳለ ይወቀው።

አሁን ወደ ጭቃው ጠባይ እንመለስ፤ የትምህርቱ ምስጢር ያለው በዚያ ነውና።

ጭቃ የራሱ ሰዓት አለው። አፈሩ ተለቅሞ፣ ደቅቆና ተነፍቶ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ጕዳይ አይደለም። ቀጥሎ ከአሸዋ ወይም ከተወቀጠ ገል ጋር ይቦካል፤ በውስጡ የቀረ የአየር ቋጠሮ ቅርጹን ያበላሻልና አጥብቆ መታሸት አለበት። ከተበጀ በኋላ በጥላ ሥር ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ የወጣ ጭቃ በአንድ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ይጣመማል። ለጀበና ጆሮ የሚለጠፈው ገላው ግማሽ በግማሽ ሲደርቅ ነው፤ ቢቸኵሉ ገላው ይጎደጕዳል፣ ቢዘገዩ ጆሮው ከደረቀው ገላ ጋር አብሮ ስለማይኰማተር ይላቀቃል። ጭቃ ሲደርቅ ከመጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት እስከ ዐሥር እጅ ያህል ይቀንሳልና፣ ወፍራሙና ቀጭኑ እኩል ካልቀነሱ ስንጥቅ ይወልዳሉ። በመጨረሻ ወደ እሳት ይገባል። በውስጡ ትንሽ እርጥበት የቀረበት ዕቃ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል። ወደ 573 ዲግሪ ሲደርስም በጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋ ድንጋይ በድንገት ይለጠጣልና እሳቱ በዝግታ መውጣት፣ ሲበርድም በዝግታ መውረድ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚገኙት ለመምህር የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው፣ ሸክላ ተጠራቅሞ የሚሠራ ሥራ አለመሆኑ ነው። ሰነፍ ተማሪ የዓመቱን ታሪክ ከፈተና በፊት ባለችው አንዲት ሌሊት አጥንቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህንንም የማያውቅ መምህር የለም። ሦስት ሳምንት ከሸክላ ክፍል የቀረ ተማሪ ግን ቅዳሜን ሙሉ ቢሠራ የሦስቱን ሳምንት ሥራ ሊያደርስ አይችልም። መድረቂያውን ጊዜ በትጋት ማሳጠር አይቻልምና። ማክሰኞ ያበጀውን ገላ ሐሙስ መጥቶ ጆሮ ካልለጠፈለት፣ ዓርብ ዕለት የሚያገኘው ጆሮ የማይቀበል ደረቅ ነገር ነው። መምህሩ ሳይቈጣ፣ ተቈጣጣሪው ስም ሳይጠራ፣ ቀጠሮውን የሚያስከብረው ጭቃው ራሱ ነው። ሕፃን ልጅ ከሰው የመጣበትን ተግሣጽ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥላቻ ይቈጥረዋል፤ ከጭቃ የመጣበትን ግን በማንም ሊያሳብብ አይችልም።

ሁለተኛው፣ ጭቃ መልሱን የሚሰጠው ዘግይቶ መሆኑ ነው። በሒሳብ ክፍል የተሳሳተ ተማሪ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል። በሸክላ ግን በማክሰኞ የተሠራ ጥፋት የሚገለጠው በሚቀጥለው ሳምንት ከእሳት ሲወጣ ነው። እንግዲህ ተማሪው ምክንያቱን ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ ባለፈው ማክሰኞ ምን እንዳደረገ ማስታወስ ይኖርበታል፤ ስንት እፍኝ አሸዋ ጨመረ፣ ወለሉን ምን ያኽል አወፈረ፣ ስንት ቀን በጥላ አኖረ? ይህን በቃሉ ሊይዘው አይችልምና መጻፍ ይጀምራል። ከዕቃው ግርጌ ቀንና ምልክት ይጭራል፤ በደብተሩም ያንኑ ይመዘግባል። ጽናት የሚባለው ነገር ከዚህ ላይ መልክ ይይዛል። እስከዚያ ድረስ ተማሪው እጁ ዕድለኛ የሆነበትንና ያልሆነበትን ቀን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ አሁን ግን ሥራውን ከሥራው ጋር ያስተያያል።

በናይሮቢ ተወልደው ይህን መንገድ እስከ ዳር የሄዱ አንዲት ሴት አሉ። ማግዳሊን ኦዱንዶ በ1950 በናይሮቢ ተወለዱ። በዚያው ከተማ በካቤቴ በሚገኘው የሙያ ትምህርት ቤት የተማሩት ሸክላ ሳይሆን የሥዕልና የማስታወቂያ ሥራ ነበር። በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በካምብሪጅ ሲማሩ ከጭቃ ጋር ተዋወቁ። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አፍሪካን ትተው የሄዱት ተማሪ፣ ማይክል ካርዱ የተባለው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በመከራቸው መሠረት፣ በ1974 ወደ ናይጀሪያ ተመልሰው ካርዱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አቡጃ በምትባለው፣ ዛሬ ሱሌጃ በተሰኘችው ከተማ ባቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ከአገሬው ሴቶች እግር ሥር ተቀመጡ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ላዲ ክዋሊ ነበሩ። ሥዕላቸው ዛሬ በናይጀሪያ የሃያ ናይራ ብር ላይ ይገኛል። የእርሳቸው አሠራር ለመምህራን ሊነገር የሚገባው ነው። ትልቁን የውኃ ገንቦ ሲያበጁ ገንቦውን አያዞሩትም፤ እርሳቸው ራሳቸው ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ይዞሩታል። እንደ ገመድ የረዘመውን ጭቃ በዙሪያው እየለጠፉ፣ በእጃቸው እየጨመቁ፣ ሲዞሩ ይውላሉ። በመንኰራኵር የሚሠራ ሰው ክብነቱን ከመንኰራኵሩ ያገኘዋል። ላዲ ክዋሊ ግን ያንን ፍጹም ክብ የሚያገኙት ከእርምጃቸው ነበር፤ እርምጃቸው ቢዛባ ገንቦው ይዛባል። በኢትዮጵያም ጋኑን፣ እንስራውን፣ ጀበናውን የሚያበጁት ሴቶች በልማዳዊው አሠራር ያለ መንኰራኵር ነውና፣ ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ሰሚ እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

ኦዱንዶ ከዚያ ተመልሰው በፋርንሃም ተማሩ፤ በ1982 በለንደን ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተመረቁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የሠሯቸው ሥራዎች በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ገብተዋል፤ በ2018 ለሥነ ጥበብ የተቋቋመው የፋርንሃሙ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነው ተሾሙ፤ በ2020 የእንግሊዝ መንግሥት ዴም የተባለውን ማዕርግ ሰጣቸው። ይህ ሁሉ ክብር ግን ለዚህ ንግግር ያን ያኽል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የዕለት ሥራቸው ነው። ዕቃውን በእጃቸው ያሳድጉታል፤ በቅል ስባሪ ይፍቁታል፤ በውኃ የተበጠበጠ የላመ አፈር ይቀቡታል፤ በለሰለሰ ድንጋይ ደጋግመው ያሹታል። ብርጭቆ የሚመስል ቅብ የለበትም፤ ብርሃኑ ከማሸቱ ብቻ የመጣ ነው። አየር እንደ ልቡ በሚገባበት እሳት ሲተኰስ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ይወጣል፤ አየር በታፈነበትና ጢስ በበዛበት እሳት ዳግመኛ ሲገባ ያው ዕቃ ይጠቍራል። በአብዛኛው የሠሩት ይህንኑ፣ ሆድ፣ አንገትና አፍ ያለውን ዕቃ ነው። አንዱ አንገቱን ያዘነብላል፤ ሌላው ሆዱን ይገፋል፤ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኙም፤ ነገር ግን አንዱን ያየ ሰው ሁለተኛውን የማን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

እዚህ ላይ መምህራን የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ጽናትን ከአንድ ዓይነትነት ጋር ያመሳስሉታል። ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ አንድ ዓይነት የጭቃ ዝሆን ሲያቀርብ ሥርዓት ያለው ክፍል ይባላል። ይህ ወጥነት ሳይሆን ግልባጭ ነው። በኦዱንዶ ሥራ ጸንቶ የሚገኘው መልኩ አይደለም፤ የገላው ስስነት፣ የማሸቱ ትዕግሥት፣ የእሳቱ ጥንቃቄ ነው። መልኩማ በየጊዜው ይለዋወጣል።

እርግጥ ነው፣ አንድ ዓይነትነት ራሱ እንጀራ የሚሆንበት ቦታ አለ። ካሬን በሚባለው የናይሮቢ ዳርቻ ሌዲ ሱዛን ዉድ በ1975 ከሁለት ሴቶች ጋር የጀመሩት ካዙሪ የተባለ ማምረቻ ቤት ይገኛል። ካዙሪ ማለት ትንሽና ውብ ማለት ነው። ሥራው የሸክላ ዶቃ ነው፤ ከጊዜ በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ሴቶች የሚሠሩበት ሆነ፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ዶቃው በእጅ ይድቦለቦላል፣ ይበሳል፣ ይደርቃል፣ ይተኰሳል፣ ቀለም ተቀብቶ ዳግመኛ ይተኰሳል። በአንድ ክር ላይ የሚሰካ ዶቃ ከጎረቤቱ ጋር ካልተስማማ ሐብሉ አይሸጥም። አንዲት ሴት በቀን ውስጥ ያን ክብ ምን ያኽል ጊዜ በመዳፏ እንደምታንከባልል ያሰበ ሰው፣ ለተማሪ ዐሥር ጽዋ መሥራት ብዙ ነው ብሎ አያዝንም።

ስለ ብዛት ከተነሣ ዘንድ፣ በመምህራን ስብሰባ ሁሉ የሚተረከውን አንድ ተረት ማረም ተገቢ ይሆናል። አንድ የሸክላ መምህር ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በሠራው ዕቃ ክብደት ብቻ፣ ሁለተኛውን ወገን በአንዲት ፍጹም ዕቃ ብቻ እንደሚመዝን ተናገረ፤ በመጨረሻ ያማሩት ዕቃዎች የተገኙት ብዙ ከሠሩት ዘንድ ሆነ ይባላል። ተረቱ የተስፋፋው ዴቪድ ቤይልስና ቴድ ኦርላንድ በ1993 ካሳተሙት አርት ኤንድ ፊር ከተባለው መጽሐፍ ነው። በኋላ ግን ጄምስ ክሊር የተባለው ደራሲ በ2018 እንዳስታወቀው፣ ነገሩ የተፈጸመው ጄሪ ዩልስማን የተባለው መምህር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምረው የፎቶግራፍ ክፍል ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ፎቶግራፉን በሸክላ የለወጡት ለምሳሌ እንዲመች ነው። ምሳሌው መልካም ነው፤ ለሸክላ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ግን አይገባም። በሸክላ ክፍል መቶ ዕቃ ሳይመረምር የሠራ ልጅ የሚጸናው በስሕተቱ ነው። ወለሉ የሳሳ ጽዋ መቶ ጊዜ ከሠራ እጁ የሳሳ ወለል ይለምዳል፤ ያንን ልማድ ማስተው ደግሞ ከመጀመሪያው ከማስተማር ይከብዳል።

ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ጥያቄ አለ። በጭቃ የጸና ልጅ በሒሳብም ይጸናልን? በንባብስ? የእጅ ሥራ ወዳጆች አዎን ብለው በችኰላ ይመልሳሉ። ነገር ግን ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ዉድዎርዝ በ1901 ባወጡት ጥናት በአንድ ዓይነት ሥራ የተገኘ መሻሻል ወደ ሌላ ሥራ በጥቂቱ ብቻ እንደሚያልፍ፣ ያውም ሁለቱ ሥራዎች የጋራ ነገር ሲኖራቸው መሆኑን አሳዩ። ይህ ግኝት ከብዙ ጊዜ በፊት የላቲን ቋንቋ አእምሮን በጠቅላላው ያሰላል ይሉ የነበሩትን መምህራን አሳፍሯል፤ የሸክላንም መምህር ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ጭቃ ማቡካት ብቻውን ትጉህ የሒሳብ ተማሪ አያወጣም።

የጋራ ነገር የት አለ ተብሎ ግን ቢፈለግ ይገኛል። ቀንን መዝግቦ ሥራን ከሥራ ጋር ማስተያየት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መጠበቅ፣ ሳይጠሩት በቀጠሮው መገኘት፤ እነዚህ በሸክላም፣ በሳይንስ ክፍልም፣ በድርሰትም የሚያስፈልጉ ናቸው። ተማሪው ግን በጭቃ ያደረገውን በድርሰት ማድረግ እንዳለበት በራሱ አያስተውልም። መምህሩ ሊነግረው ይገባል። የተሰነጠቀውን ጽዋና በቀይ የተሰመረበትን ድርሰት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ለዚህኛው ምክንያቱን በደብተርህ አግኝተሃል፤ ለዚያኛውስ የት ጽፈኸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር፣ የቶርንዳይክን ተቃውሞ በሥራ መልሷል።

በኬንያ ትምህርት ቤቶች የሆነውም ሊሰማ የሚገባ ነው። በ1985 በተጀመረው ስምንት አራት አራት በሚባለው ሥርዓት ሥነ ጥበብና እጅ ሥራ በአንደኛ ደረጃ ከሚፈተኑት ትምህርቶች ውስጥ ነበረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፈተናው ሸክም ይቀነስ ሲባል ከፈተናው ወጣ። ፈተና የሌለበት ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመምህራን ማስረዳት አያሻም። በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ ሰዓቱን ግን ሒሳብና ቋንቋ ይወስዱታል። በ2019 በአንደኛ ደረጃ የተጀመረው በብቃት ላይ የተመሠረተው ሥርዓተ ትምህርት የፈጠራ ሥራዎችን ወደ ክፍል መልሷቸዋል። ጥያቄው ግን የተመለሰው ክፍለ ጊዜ በየሳምንቱ ይጠበቃል ወይስ ወላጆች በሚመጡበት ቀን ብቻ ጭቃ ይቦካል የሚለው ነው። ለዓመት በዓል ማሳያ ተብሎ በአንድ ሳምንት የሚሠራ ሸክላ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ስለ ጽናት ግን የሚያስተምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ያስተምራል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ከሰዓት እጥረት የከፋ ነው። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል በብዙ ቦታ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጀበናዋንና ምጣዷን የገዛ ሰው በቤቷ ገብቶ እህል አይቀምስም ነበር፤ ጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶችም ይህን ያውቁታል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቢሆንም ልጁ እጁን ጭቃ አስነክቶ ወደ ቤት ሲመለስ የሚቈጣ አባት ዛሬም አይጠፋም። ርእሰ መምህሩ ይህን ዐውቆ አስቀድሞ ከወላጆች ጋር ካልተነጋገረ፣ ትምህርቱ የሚወድቀው በጭቃው ሳይሆን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። የአካባቢው ሸክላ ሠሪ ሴት በክፍል ውስጥ ገብታ እንድታሳይ መጋበዟ፣ ስትጋበዝም እንደ ማንኛዋም መምህርት እትዬ ተብላ፣ ወንበር ቀርቦላትና የሰዓቷ ዋጋ ተከፍሏት መሆኑ፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራል። ልጆቹ የሚያዩት እጇን ብቻ አይደለም፤ መምህሩ እንዴት እንደ ተቀበላትም ያያሉ።

ወጪው ምክንያት ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት እቶን አያስፈልግም። አንድ ባልዲ ለጭቃው፣ እርጥብ ከረጢት ለመሸፈኛ፣ አሮጌ ሳንቃ ለመሥሪያ፣ የቅል ስባሪ ለመፋቂያ፣ ከወንዝ ዳር የተለቀመ ልሙጥ ድንጋይ ለማሸት ይበቃል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የማይናወጥ ቀን ነው። በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ከመስጠት በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን አንድ ሰዓት፣ ለመለጠፍና ለመፋቅ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሩብ ሰዓት መስጠት ይሻላል። ተማሪው በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አንዲት ትንሽ ጽዋ ብቻ ይሥራ፤ በየሳምንቱ ያችኑ። ማርክ አይሰጠው። ዐሥር ሳምንት ሲሞላ ዐሥሩን ጽዋዎች በተሠሩበት ተራ በመስኮቱ ደፍ ላይ ይደርድርና መምህሩ ከመናገሩ በፊት እርሱ ራሱ ይናገር። የትኛው ወለል ወፈረ? ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ አፉ ክብ ሆነ? በስድስተኛው ሳምንት ምን ነክቶት ወደ ኋላ ተመለሰ? ብዙ ጊዜ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ጽዋ ከአራተኛው የከፋ ሆኖ ይገኛል። እጁ ሲለምድ ልቡ ይሄዳልና። ተማሪው ይህን በገዛ ጽዋው ሲያየው አያፍርበትም፤ ይገረምበታል እንጂ።

አንድ የጤና ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። የደረቀ ጭቃ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነውና ክፍሉ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ ጠረጴዛውም ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ይህንንም ተራ ወጥቶላቸው ልጆቹ ራሳቸው ያድርጉት።

ከዐሥሩ ጽዋዎች ተማሪው ሁለቱን መርጦ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቢመርጥ መልካም ነው። የቀሩት ስምንቱ፣ ገና አልተተኰሱምና፣ ፈጽመው ከደረቁ በኋላ ተሰባብረው ወደ ባልዲው ይገባሉ። ፈጽሞ የደረቀ ጭቃ ከእርጥቡ ይልቅ ፈጥኖ በውኃ ይፈርሳል። አድሮ ይለሰልሳል፤ ውኃው ይቀዳለታል፤ ታሽቶ በእርጥብ ከረጢት ይሸፈንና ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይደርሳል።